አዲሱን ነው የወሰድኩት

የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ ኮምፒውተር አለው። ሁለት ቢሆን ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር። ሲበራ ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና ያጓራል። ኪቦርዱ ላይ አንዷ ቁልፍ በጥፍር ካልተነካች አትሠራም። ማውሱ ወደ ግራ የሚሄደው ሲለመን ነው። ቢሆንም የኔ ነው። ማለቴ የመንግሥት ነው፤ ግን የምጽፍበት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን አንድ ድርሰቴን ለክፍሉ ጮክ ብላ አነበበችው። ስለ ሰፈራችን፣ ስለ ቧንቧ ውሃ፣ ውሾች ነበር። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ሳቁ ደግሞ በኔ ላይ አልነበረም። ይሄ ለኔ አዲስ ነገር ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የማልቻል ሰው ሆኛለሁ። እናቴ ለጎረቤት ስትነግር የሰማሁት እንዲህ ነው፦ «ጨው አቀብዪኝ ስትባል እንኳ መግቢያና መደምደሚያ አላት።» ቤት ያለው ስልክ አንድ ነው፤ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፤ ስጽፍበት ግማሹ ፊደል ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ኮምፒውተር ላይ እጣዳለሁ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጡረታቸው ደጃፍ ላይ የቆሙ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ዛሬም መጽሐፍ የሚያነሱት በሁለት እጃቸው ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው «አንቺ ደራሲት» ይሉኛል፤ ሲናደዱብኝም ሲደሰቱብኝም ያው ነው፣ ልዩነቱ ዜማው ላይ ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ በእንጨት መሳቢያ ውስጥ አንድ ካርድ አለው። የመጽሐፉ ስም፣ ቁጥሩ፣ ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደመለሰው፣ ካልመለሰም እንዳልመለሰው፣ ሁሉም በጋሼ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። የኮምፒውተር ክበባችን ባለፈው ሴሚስተር እነዚያን ካርዶች አንድ በአንድ ፋይል ውስጥ አስገብቷል። ጋሼም ከጀርባችን ቆመው አራት ነጥብ ስንረሳ ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር። የቀረን ያንን ፋይል የሚያነብ የካታሎግ ፕሮግራም መጫን ብቻ ነበር። «ብቻ» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ በጥንቃቄ ነው የምጠቀመው።

ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሩ ገቡ። ቤተ መጻሕፍት የሚገቡ ሰው አይደሉም፤ ሲገቡ ደግሞ አንድ ነገር ይዘው ሊወጡ ነው።

«ይሄ ኮምፒውተር እዚህ ምን ይሠራል?» አሉ። «ሬከርድ ክፍል ሰርተፊኬት የሚጽፉበት አጥተው ሰው ይሰለፋል።»

«ካታሎግ ሊጫንበት ነው» አሉ ጋሼ።

«መቼ?»

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። ዳይሬክተሩም ወደኔ ዞሩ። ወላሂ ግድግዳው ራሱ ወደኔ የዞረ መሰለኝ።

«ዓርብ፣ ቲቸር» አልኩ።

ለምን ዓርብ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቅርብ የሆነው የተባረከ ቀን እሱ ስለሆነ ይሆናል።

«ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት እመጣለሁ። ከሠራ ይቆያል። ካልሠራ ሬከርድ ክፍል ይሄዳል።» ብለው ወጡ። በሩን እንኳ አልዘጉትም፤ ተመልሰው እንደሚመጡ እንዳንረሳ ነው መሰለኝ።

ካታሎጉን የሠራችልን ከዚሁ ትምህርት ቤት ወጥታ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ናት። በፍላሽ ከላከችው ጋር አንዲት ወረቀት ነበረች፦ «በኮንቴይነር የታሸገ ነው። መጀመሪያ የኮንቴይነር ሶፍትዌሩን ጫኑ።» ጋሼ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበቧትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኮንቴይነሩ ምንድን ነው?»

ያስረዳኋቸው በእናቴ አጎት ነው። የእናቴ አጎት ከኩታበር ሲመጡ ቤታችን ምንም አይጠየቅም። ጤፉን፣ በርበሬውን፣ ጨውን፣ የሚተኙበትን ቁርበት፣ ኩራዛቸውን ሳይቀር ጭነው ነው የሚመጡት። ደሴ መብራት እንዳለ ያውቃሉ፤ አያምኑትም እንጂ። ቤታችን ሁለት ክፍል ይሁን አሥር፣ ግድግዳው ጭቃ ይሁን ብሎኬት፣ ግድ አይሰጣቸውም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ወለል። ኑሯቸውን ዘርግተው ይሰነብቱና ጠቅልለው ይሄዳሉ። ኮንቴይነር ማለት እሱ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ይዞ ይመጣል። የኮንቴይነር ሶፍትዌሩ ደግሞ በር ከፍቶ «ይግቡ፣ ወለሉ ይኸው» የሚለው የቤቱ ባለቤት ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እንግዲህ አጎቱ በፍላሽ ደርሰዋል። ባለቤት ነው ያጣነው።»

ለኔ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ነገር ነው። በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት፤ ያናድዳል።

ባለቤቱን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። የትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት በወረቀት ላይ አለ። ግን እናቴ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ጨርቅ ትፈትሻለች። በየጠዋቱ በፋብሪካው ሰርቪስ ትወርዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። እነሱ ክፍል ፈጣን ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር አለ። አለቃዋ፣ በምሳ ሰዓት ብቻ ከሆነና ማንም ካልጠየቀ፣ አላየሁም እንደሚል ነገራት።

ረቡዕ ትምህርት ግማሽ ቀን ስለነበር በሚኒባስ ወረድኩ። ከደሴ ሹራብ ደርባችሁ ትነሱና፣ ያንን ጠመዝማዛ ጨርሳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ሹራቡ ሞኝ ያስመስላችኋል። እናቴ የምትሠራበት ክፍል መሃል ላይ ከሥሩ መብራት ያለው ትልቅ ጠረጴዛ አለ፤ ጨርቁ በላዩ ላይ ሲያልፍ ክሩ ሁሉ ይታያል። ጥግ ላይ ጥቅልሎች ተደርድረዋል። ገሚሱ ላይ ቢጫ ካርድ ተንጠልጥሏል፣ ገሚሱ ላይ አረንጓዴ። አይቼዋለሁ። አይቼውም ምንም አልገባኝም።

ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ ገጹን ከፈትኩት። እናቴ ዳቦ በሻይ እየበላች ከጀርባዬ ቆመች። ሦስት ፎልደር ወጣ። አንዱ ስቴብል ይላል፣ አንዱ ቴስት፣ ሦስተኛው ናይትሊ።

«ለምንድን ነው ሦስት የሆነው?» አለች እናቴ።

«ቻናል ይባላል እማ። አንደኛው የረጋው ነው። ሁለተኛው የሙከራው። ሦስተኛው በየቀኑ የሚያወጡት፣ ገና ጥሬው።»

«የትኛው ነው ያለፈው?»

«ያለፈው ማለት?»

«ታይቶ፣ ተፈትሾ ያለፈው።»

«እማ፣ ይሄ ጨርቅ እኮ አይደለም» አልኳት።

ይህቺን ዐረፍተ ነገር ሳስታውስ አሁንም ጆሮዬ ይሞቃል።

ሐሳቤን ላስረዳ። ከደሴ የመጣ ሰው ኮምቦልቻ የሚወርደው ለአዲስ ነገር ነው። እኛ ሰፈር «ከኮምቦልቻ ነው ያመጣሁት» ብላችሁ አሮጌ ዕቃ ካሳያችሁ ለወር መሳቂያ ናችሁ። ደግሞ እስከ ዓርብ ሁለተኛ የምወርድበት ቀን የለኝም። አንዴ ከወረድኩ የመጨረሻውን አዲስ ይዤ ልውጣ አልኩ። የረጋው ቁጥሩ ያንሳል፤ የሙከራው በአንድ ይበልጣል። አሥራ አንደኛ ክፍል ግቢ እየተባለች አሥረኛ ክፍል የምትመርጥ ማን ናት? ናይትሊውን ግን አልነካሁትም። ጥሬ አልበላም። መሃለኛውን በመምረጤ እንዲያውም ራሴን እንደ ጠንቃቃ ሰው ቆጥሬ ነበር።

ፋይሎቹ አምስት ናቸው፤ ሲጫኑ አብረው ነው የሚጫኑት። እየወረዱ ሳለ እናቴ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። የዳቦ ፍርፋሪም አብሮ አረፈ።

«እዚህ መጨረሻው ላይ ያሉት ሁለት ፊደሎች ምንድን ናቸው?»

አር እና ሲ ነበሩ። ምን እንደሆኑ አላውቅም ነበር።

«ጌጥ ነው» አልኳት።

«እ» አለች እናቴ። የእናቴን «እ» የሚያውቅ ሰው እዚያው ላይ ያቆም ነበር።

ስወጣ የፋብሪካው ዘበኛ በር ላይ ያዘኝ። የሚወጣ ሰው ሁሉ ይፈተሻል።

«ምን ይዘሻል?»

«ፍላሽ።»

«ውስጡስ?»

«የኮንቴይነር ሶፍትዌር።»

ፍላሹን ገልብጦ አየው። ደረቅ ወደብ ባለበት ከተማ ያደገ ሰው ነው፤ ኮንቴይነር ለሱ በክሬን የሚነሳ ነገር ነው።

«ስንት ጫማ ነው?» አለኝ፣ ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር ሳይኖር።

«ይሄ እንኳ በሜጋባይት ነው የሚለካው።»

«በይ እለፊ። ጉምሩክ እንዳያገኝሽ።»

እየሳቅኩ ዳገቱን ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ጭኔ ላይ ዶሮ አስቀምጣብኝ ነበር፤ እሷንም በፍቅር ነው የያዝኳት። ያን ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ክፍለ ጊዜ መምህር ስላልገባ ቤተ መጻሕፍት ሮጥኩ። ጋሼ ወንበር አመጡልኝ። አምስቱን ፋይል ጫንኳቸው፤ አንዱም አላጉረመረመም። የካታሎጉን ፍላሽ ሰካሁ፣ ማስጀመሪያውን ነካሁ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጽሑፉ እየተጠቀለለ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ቆመ። መጨረሻው ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ተቀምጧል።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሼ።

«በጣም አርጅቷል ይላል።»

«ማን?» አሉና ቀና ብለው ተቀመጡ። «እኔ?»

«እርስዎን አይደለም ጋሼ። ካታሎጉን የሚያስነሳውን ፕሮግራም ነው። አነጋገሩ ያረጀ ነው፣ ከዚህ በታች አልቀበልም ነው የሚለው።»

ነገሩ ይሄ ነው፤ የእናቴ አጎት በር ላይ ደርሰው እንደ ልማዳቸው ረዥሙን የድሮ ሰላምታ ጀመሩ። አዲሱ ባለቤት ደግሞ «ከዘንድሮ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰላምታ አንቀበልም» ብሎ ከነጤፋቸው፣ ከነቁርበታቸው በሩን ዘጋባቸው። የረጋው ባለቤት ቢሆን ሁለቱንም ሰላምታ ያውቃል። የኔው ግን ከሰው ቀድሜ ልዘምን ያለ፣ እንግዳ መቀበል ገና ያልተማረ ጎረምሳ ነበር።

ይሄንን ግን ያኔ አላወቅኩም። ያኔ ያደረግኩት ኮምፒውተሩን ማጥፋትና ማብራት ነው። ከዚያ ፍላሹን ነቅሎ እፍ ማለት ነው። ከዚያ እንደገና መጫን። ከዚያ በልቤ ዳይሬክተሩን፣ ሬከርድ ክፍልን፣ ዓርብን ራሷን መርገም፤ ጁምዓ ስለሆነች ወዲያው አስተግፊሩላህ ብያለሁ። መልሱ ያው ነበር። በጣም አርጅቷል። በጣም አርጅቷል።

ጋሼ መሀረባቸውን አውጥተው ኪቦርዱን በቀስታ መወልወል ጀመሩ፤ ሬሳ እንደሚገንዝ ሰው። ከዚያ ተነስተው፣ ካታሎግ መጣ ብለው መጋዘኑ ውስጥ ያስገቧቸውን የካርድ መሳቢያዎች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሱ።

«ግድ የለም ልጄ» አሉ። «እኔ ካርዶቼ አሉኝ።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «አንቺ ግን የት ትጽፊያለሽ?» አሉኝ።

ፍላሹን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ በጋሼ ስልክ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ አልሠራም።»

«የትኛውን ነበር የወሰድሽው?»

«አዲሱን ነው የወሰድኩት።»

ከጀርባዋ የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል።

«እስቲ አንገትሽን እዪው» አለች። «አረንጓዴ ነው?»

ሁሉም ነገር ያኔ ገባኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እናቴ ለዒድ ቀሚስ ሰፋችልኝ፤ ሠራተኞች እንዲወስዱት ከተፈቀደ የሙከራ ጥቅልል ቁራጭ። ቀለሙ እንደዚያ ያለ አረንጓዴ አይቼ አላውቅም። የማጠቢያው ውጤት ገና አልደረሰም ነበር፤ ዒድ ደግሞ አይጠብቅም። ከሶላት ስንመለስ የደሴ ዝናብ አገኘን። ለሦስት ቀን አንገቴ አረንጓዴ ነበር። የሰፈር ልጆች «ሰላጣ» አሉኝ፤ ዛሬም ድረስ በዚያ ስም የሚጠሩኝ ሁለት አሉ፣ አድራሻቸውን አውቀዋለሁ።

«እማ...»

«ስሚኝ። ቢጫ ካርድ ያለው ጥቅልል የሚወጣው እንድንለብሰው አይደለም፤ እንድናበላሸው ነው። እናጥበዋለን፣ እናሸዋለን፣ ፀሐይ ላይ እንጥለዋለን። አልበላሽ ካለን ቢጫው ይፈታና አረንጓዴው ይታሰራል። እናንተ ጋም ያው ይመስለኛል።»

«ያው ነው» አልኩ። ድምፄ ከስልኩ የወጣ አይመስለኝም።

«ምን አልሽ?»

«ያው ነው አልኩሽ!»

«ሙከራውን የሚወስድ ሰው ሞኝ አይደለም፤ የሱ ሥራ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ሌላ ምን እሠራለሁ? ግን ለዒድ አይለብሰውም።» ከዚያ ማኘክ ጀመረች። «በይ አሁን የማደርገውን ንገሪኝ።»

«አንቺ?»

«አንቺ ከሰዓት ፈተና አለሽ። ዘበኛው ደግሞ በአየር ሊያመጣልሽ ነው?»

እናቴ በዕድሜዋ ፎልደር ከፍታ አታውቅም። የእንግሊዝኛ ፊደል የምታውቀው ከጥቅልል ካርድ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ጋሼ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገው አብረውኝ ሰምተዋል፤ ሳቅ እንዳያመልጣቸው በመሀረባቸው አፋቸውን ይዘው።

«ቀስቷን ወደ ስቴብል ውሰጃት።»

«አልሄድ አለች።»

«ማውሱን አንቀሳቅሺው።»

«ይሄን ድንጋይ ነው?»

«እሱን።»

«እሺ ሄደች። አልፋ ሄደች። ያ ረቢ፣ የት ገባች?»

ሩብ ሰዓት ቀስት ስናሳድድ ቆየን። ግን ፋይሎቹ ዝርዝር ላይ ስትደርስ ድምጿ ተለወጠ። የፈታሽ ድምፅ ሆነ። የፋይሉን ስም ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር ታነባለች፤ እኔ አዎ ስል ብቻ ትነካዋለች። አንዱን፣ ሁለቱን፣ ሦስቱን፣ አራቱን። አምስተኛው ላይ እኔ አዎ ብዬ እሷ አልነካ አለች።

«ይሄን አልወስድም።»

«እማ፣ እሱ ነው አልኩሽ እኮ!»

«አራቱ ጅራታቸው ላይ አንድ ዓይነት ስም አላቸው። ይሄኛው ሌላ ነው። ከሌላ ጥቅልል የገባ ነው።»

ያነበበችልኝን በወረቀት ጻፍኩትና አየሁት። እውነቷን ነው። አምስተኛው ለሌላ ዓመት ሲስተም የተሠራ ነበር፤ እኛ ኮምፒውተር ላይ አይገባም። ከጅራቱ በቀር ስሙ ያው ስለሆነ እኔ እየሰማሁ አልሰማሁትም።

«ከሱ በታች ያለውን እዪው» አልኩ፣ ትንሽ አንሼ።

«ይሄኛው ጅራቱ ልክ ነው።» ነካችው። «ደግሞ አንዱም ላይ ያ ጌጥሽ የለም።»

ጋሼን ከዚህ በኋላ መሀረቡ አልበቃቸውም።

ሰርቪሱ ቧንቧ ውሃ ሲያደርሳት ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። መንገድ ላይ ጠበቅኳት። ከሥራ ባልደረባዋ የተዋሰችውን ፍላሽ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ቀዳዳው ላይ በክር አረንጓዴ ካርድ ታስሮበታል።

«ዘበኛው፣ ‹የትናንቱ ኮንቴይነር ተመላሽ ሆነ እንዴ?› አለኝ» አለች። «ምን ብለሽው ነው?»

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ በሩን ከፈቱልኝ። እሳቸው አማተቡ፣ እኔ ቢስሚላህ አልኩ፤ ኮምፒውተሩ አጓራ። መጀመሪያ ጎረምሳውን ከሥሩ ነቅዬ አወጣሁት። ከዚያ የእናቴን አምስት ፋይሎች ጫንኩ። ከዚያ የካታሎጉን ማስጀመሪያ ነካሁ። ጽሑፉ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ አልቆመም። ከዚያ ነጭ ገጽ ተከፈተ፤ አናቱ ላይ የትምህርት ቤታችን ስም፣ መሃሉ ላይ መፈለጊያ ሳጥን። የእናቴ አጎት ገብተው ቁርበታቸውን ዘረጉ።

ጮህኩ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ጋሼ በአርባ ዓመት ሥራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ዝም» አላሉም።

የካርዶቹን ፋይል አስገብቼ ስጨርስ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ዳይሬክተሩ ገቡ። ብቻቸውን አይደሉም፤ ከሬከርድ ክፍል ሁለት ሰዎች አስከትለዋል፤ አንደኛው ጠቅልሎ የያዘው ገመድ አለ። ውጤቱን ሳያዩ ተሸካሚ ይዘው ነው የመጡት።

«እህ?» አሉ።

«ይሠራል ቲቸር።»

«መሥራትማ መብራቱም ይሠራል። እስቲ አንድ መጽሐፍ ፈልጊ።»

«የትኛውን ልፈልግ?»

ዳይሬክተሩ ወደ ጣሪያው አዩ። «እንዲያው... ስለ ንብ እርባታ የሚል ነገር ይኖራል?»

ጻፍኩት። ያቺን ቁልፍ በጥፍሬ ነካኋት። ሳጥኑ ትንሽ አሰበና አንድ መስመር አወጣ። መጽሐፉ አለ፤ ወፍራም ነው፤ ቅጂው አንድ ነው። በአሁኑ ጊዜ መደርደሪያ ላይ የለም። ወሳጅ የሚለው ቦታ ላይ የዳይሬክተሩ ሙሉ ስም ከነአያታቸው ተቀምጧል፤ ከፊቱ መምህር፣ ከኋላው ፊዚክስ። ተመላሽ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

አላነበብኩትም። ማንበብ አላስፈለገም፤ አምስታችንም ስክሪኑ ላይ ተደፍተን ነበር። ባለገመዱ ሰውዬ ሳቁን ወደ ሳል ሊለውጠው ሞከረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ አመለጠው።

ጋሼ በጣም በትሕትና፣ ሁለት እጃቸውን አጣምረው፣ «ካርዱም አለ፤ ላምጣልዎት?» አሉ።

«አያስፈልግም» አሉ ዳይሬክተሩ። አንገታቸው አረንጓዴ አልነበረም፤ ግን ቀለም ለውጦ ነበር። «ይሠራል ማለት ነው» አሉ።

«ይሠራል ቲቸር።»

«እንግዲህ ይቆይ።» ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ምን ቆማችኋል? ሥራ የላችሁም?»

ሲወጡ በሩን ዘጉት።

ጋሼን ያን ቀን ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ያንን ሆን ብለው ነው ያስገቡት?»

«እኔ?» አሉ። «ካርዱ ላይ ያለውን ነው ያስገባችሁት። አራት ነጥብ ስትረሱ ብቻ ነው የተናገርኩት።» ካርዱን ከመሳቢያው አውጥተው በሁለት እጃቸው ያዙት። ጠርዙ ላይ በየዓመቱ አንዲት ነጥብ በቀይ ቀለም ተደርጋለች። ቆጠርኳቸውና ተውኩት፤ ብዙ ናቸው።

ሰኞ ጠዋት ባለገመዱ ሰውዬ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። «ከላይ ነው የተላከው» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሮጠ። መጽሐፉ ነው። የጭስ ሽታ አለው፣ መሃሉ ላይ ሁለት ገጽ በማር ተጣብቋል። ዳይሬክተራችን ንብ ያነባሉ ማለት ነው፤ ማን ያውቅ ነበር? ካታሎጉ ላይ «ተመልሷል» የሚለውን የነካሁት እኔ ነኝ፤ ጋሼም ካርዱ ላይ በቀዩ እስክሪብቶ አንድ ረዥም መስመር አሰመሩ።

አረንጓዴው ካርድ አሁን የኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ተንጠልጥሏል። ዩኒቨርሲቲ ላለችው ልጅ ሁሉንም ነገር ጽፌ ላክሁላት። ሳቀችና፣ አር እና ሲ ማለት ሊያልፍ የቀረበ ግን ገና ያላለፈ ማለት እንደሆነ ነገረችኝ። ለእናቴ ነገርኳት።

«ጌጥ አይደለማ» አለች።

ይህን ጽፌ ስጨርስ መጀመሪያ ያሳየሁት ለሷ ነው። ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አንስታ፣ ብርሃኑ በጀርባው እንዲያልፍ አድርጋ አነበበችው፤ የሥራ ልማድ ነው። ስለ አንገቴ ያለው ላይ ሳቀች። ስለ ማውሱ ያለው ላይ አልሳቀችም።

«የዘበኛውን ነገር ለምን አስገባሽው?» አለች። «ነገ በር ላይ ቢጠይቀኝ ምን ልለው ነው?»

«ገና ሙከራ ነው በይው።»

ወረቀቱን መለሰችልኝ። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ መፈለግ ጀመረች፤ አረንጓዴ ልታወጣ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ያወጣችው ቢጫ ነበር።